«አጠገባቸው አልቀመጥም» ለሚሉ ልጆች ምን ይደረግ? ለአንዲት የባሕር ዳር መምህርት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጸሐፊዋ ባሕር ዳር ዳርቻ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ታስተምራለች። ክፍሏ ውስጥ ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ፣ በጣና ዳር ዓሣ ሲያጠምዱና ታንኳ ሲሠሩ ከኖሩት፣ የመጡ ጥቂት ልጆች አሉ። ሌሎቹ ልጆች አጠገባቸው መቀመጥ አይፈልጉም። እነሱ በጠጡበት ኩባያም አይጠጡም። ከነገደ ወይጦ ልጆች አብዛኞቹ አምስተኛ ክፍልን ሳያዩ ይቀራሉ። ለርዕሰ መምህሩ ብትነግረው «እኛ ጋ ሁሉም ተማሪ እኩል ነው፣ ያልነበረ ነገር አታንሺ» አላት። «ብቻዬን ምን ማድረግ እችላለሁ? ከላይስ ምን መደረግ ነበረበት? ለኅዳር 29፣ ለብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ አንዷ የነገደ ወይጦ ልጅ ስለ ታንኳ እንድታቀርብ ባደርግስ?» ትላለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ የማምነውን ልንገርሽ። የልጆቹ ልብ እስኪለወጥ አትጠብቂ። የወላጆቹንም ልብ አትጠብቂ። የክፍሉን አሠራር ለውጪ፣ ልብ ከኋላ ይከተላል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ መጀመሪያ የሚታሰበው ግንዛቤ ማስጨበጫ ነው። አንድ ቀን ስብሰባ ይጠራል፣ አበል ይከፈላል፣ «ሁላችንም እኩል ነን» ይባላል፣ በማግስቱ ልጅቷ እዚያው የኋላ ዴስክ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች። ንግግሩ ውሸት ሆኖ አይደለም። ዴስኩን ስላልነካው ነው።

አዋጅ ብቻውን እንደማይበቃ የራሳችን ታሪክ ይመሰክራል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው የሚሳደብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን አትስደቡ ተባለ። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ዛሬም በጎጃም ገጠር የሸክላ ሠሪ ልጅ ደብተሯን ይዛ ስትመጣ «ዓይኗ ያስፈራል» የሚል አይጠፋም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። አንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ የሚሰጥ አገልግሎት ለሁሉም በእኩል እንዲደርስ ያዛል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካና ከባህል ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። ይህን የመጨረሻውን ያዢው፣ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስትገቢ ይጠቅምሻል።

የሌላ አገርም እንዲሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ልጆችን በተለያየ ትምህርት ቤት ማስተማር ሕገ ወጥ ነው ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ትልቅ ውሳኔ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን በደቡቡ ክፍል ከነጮች ጋር የሚማሩት ጥቁር ልጆች ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞሉም ነበር። ነገሩ በእውነት መንቀሳቀስ የጀመረው በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ወጥቶ፣ በ1965 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች ብዙ ገንዘብ መመደብ ጀምሮ፣ «የምትለያይ ከሆነ ገንዘቡን አታገኝም» ሲባል ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዚያው ደቡብ ከጥቁር ልጆች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ነጮች በሚበዙበት ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። ያኔ የሰው ልብ በአንዴ ስለተለወጠ አይመስለኝም። አሠራሩ ስለተለወጠ ነው።

ወደ አንቺ ክፍል ልመለስ። እኛ ጋ የቆዳ ቀለም አይደለም የሚለየው። ቋንቋም አይደለም። ነገደ ወይጦ ከጣና ዳር ነዋሪዎች ቀደምት ከሚባሉት ናቸው። ጉማሬ ሲያድኑ፣ ዓሣ ሲያጠምዱ፣ ከደንገል ታንኳ ሲሠሩ ኖረዋል። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። ሙስሊሞች ናቸው፣ ግን ጉማሬ ይበላሉ እየተባለ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ማዕድ ሳይጋራቸው ኖሯል። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ ደግሞ ከሐይቁ ዳር ተገፍተዋል።

ፖሊሲያችን እነሱን የሚስታቸው እዚህ ላይ ነው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ እኩልነትን የምናመጣበት ዋናው መንገድ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሆኗል። ጥሩ መንገድ ነው። እንጅባራ ወይም ዳንግላ ያለ የአዊ ልጅ ትምህርቱን በአውንጊ መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም እንዲቀንሰው አልፈልግም። ነገር ግን አፉን በአማርኛ የፈታ፣ የራሱ ዞን የሌለው፣ ግን ጎረቤቱ የማይበላለት ልጅስ? ለእሱ የተከፈተ በር የለም። ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ላይ ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች ልዩ ድጋፍ ሲደረግ ቆይቷል፤ የጣና ዳሩ ልጅ ግን አማራ ክልል ስላለ በወረቀት ላይ ከማንኛውም የባሕር ዳር ልጅ ጋር አንድ ነው። የርዕሰ መምህርሽ «ሁሉም እኩል ነው» የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ክፉ ሰው ሆኖ ላይሆን ይችላል። ሪፖርቱ ላይ የሚሞላው ሠንጠረዥ ወንድና ሴት ይላል፣ ዕድሜ ይላል፣ አካል ጉዳት ይላል። እነዚህ ልጆች በየትኛውም ረድፍ ስለማይታዩ ሲጠፉም አይታይም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁጠሪ። ዝም ብለሽ፣ ለራስሽ፣ ማንም በማያየው ደብተር። አንደኛ ክፍል ስንት ተመዘገቡ፣ ስንት ደገሙ፣ ስንቱ በየትኛው ወር ቀሩ፣ አሁን አራተኛ ክፍል ስንት ቀሩ? ሮስተሩ እዚያው ሪከርድ ቢሮ አለ። ከዚያ የሌሎቹን ልጆች ቁጥር ከጎኑ አስቀምጪ። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ሕግ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ውጤቱን በዘር፣ በገቢና በቋንቋ ከፋፍሎ እንዲያሳይ አስገድደው ነበር። የሕጉ ቅጣት ብዙ ተተችቷል፣ ትችቱም ትክክል ነው። ቁጥሩን ከፋፍሎ ማሳየቱ ግን በአማካይ ውጤት ሥር ተሸሽገው የነበሩ ልጆችን ወደ ብርሃን አውጥቷል። ለርዕሰ መምህሩ «አድልዎ አለ» ብትይው ይከላከላል። «አንደኛ ክፍል የገቡት እነዚህ ናቸው፣ አራተኛ የደረሱት እነዚህ ናቸው፣ ምን እናድርግ?» ብትይው ግን አብሮሽ ወረቀቱን ለማየት ይገደዳል። በአካባቢው ያሉ ትምህርት ቤቶችን የሚከታተለው የጉድኝት ሱፐርቫይዘርም ቢሆን የሚገባው ቋንቋ ይኸው ነው። ሠንጠረዡን የስም ዝርዝር አድርገሽ ግድግዳ ላይ እንዳትለጥፊ ብቻ።

ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። ሕንድ አገር፣ ኡታር ፕራዴሽ ውስጥ፣ ካርላ ሆፍና ፕሪያንካ ፓንዴይ የሚባሉ ተመራማሪዎች ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍል ወንዶች ልጆችን ሰብስበው በወረቀት ላይ የመንገድ እንቆቅልሽ አስፈቷቸው። ለፈቱት ልክ ይከፈላቸዋል። የማንም ጎሣ፣ ማለትም በትውልድ ከፍና ዝቅ ተብሎ የሚከፋፈልበት ወገን፣ ሳይነሳ ሲሠሩ ዝቅ ከሚባለው ወገን የመጡትም ከፍ ከሚባለው የመጡትም እኩል ፈቱ። የእያንዳንዱ ስምና ጎሣ ጮክ ተብሎ ከተነበበ በኋላ ግን የዝቅተኞቹ ውጤት ወረደ። ያው ልጅ፣ ያው ጭንቅላት ነው። የተጨመረው ነገር በሰው ፊት መጠራቱ ብቻ ነው።

አሁን የኛን ትምህርት ቤቶች አስቢ። ድጋፍ ይመጣል። ደብተር፣ ሳሙና፣ አንዳንዴ ዩኒፎርም። ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ «የነገደ ወይጦ ልጆች ወደ ፊት ውጡ» ይባላል። ፎቶ ይነሳል። ሰጪው በቅን ልቡ ነው የሰጠው። ልጁ ግን ያንን ደብተር ይዞ ወደ ክፍል ሲገባ ምን እንደሚሰማው፣ ያን ቀን ሒሳብ ስንት እንደሚገባው ማን ይጠይቃል? ድጋፉ ይምጣ፣ በጣም ያስፈልጋል። አሰጣጡ ግን በቤተሰብ በኩል፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ ስም ሳይጠራ ይሁን። ይህን ለማድረግ ከወረዳ ፈቃድ አያስፈልግሽም።

መቀመጫውን በዕጣ አድርጊው። በየሁለት ሳምንቱ ሁሉም ቁጥር ያነሳል፣ ሁሉም ይዛወራል። «አንተ ከእሷ ጋር ተቀመጥ» ብለሽ መርጠሽ አታጣምሪ፣ ያን ጊዜ እሷ ቅጣት ትሆናለች። ወላጅ መጥቶ «ልጄን ከእነሱ ጋር አታስቀምጪብኝ» ሲልሽ ክርክር ውስጥ አትግቢ። «የክፍሉ ደንብ ነው፣ ዕጣ ነው፣ ሁሉም ይዞራል» በቂ ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ ወላጅ ካላላሽ ግን አለቀ፣ በሳምንቱ አምስት ወላጅ በርሽ ላይ ይቆማል።

ኩባያው ከዚህ ይከብዳል፣ ምክንያቱም የእኛ መገለል ሥሩ ማዕድ ላይ ነው። መጀመሪያ አንቺ ጠጪ። በዚያው ኩባያ፣ ከልጅቷ ቀጥለሽ፣ ምንም ሳትናገሪ። የአሥር ዓመት ልጅ ከስብከት ይልቅ መምህሯ የምታደርገውን ታያለች። ትምህርት ቤታችሁ ምገባ ካለው የምግብ ሰልፉና አቀማመጡ እንደ ክፍሉ በቁጥር ይሁን። ምገባ ልጆችን ትምህርት ቤት የማቆየት ትልቅ ኃይል አለው፣ ያለ ሥርዓት ከተተወ ግን መገለሉ በየቀኑ የሚታይበት ቦታ ይሆናል። ሕንድ ውስጥም በትምህርት ቤት ምሳ ዙሪያ፣ ዝቅ የሚባለው ወገን ያበሰለውን ልጆቻችን አይበሉም በሚሉ ወላጆች የተነሳ ብዙ ጠብ ታይቷል። መንግሥት ምግቡን መላኩ ብቻ አልበቃም፤ ማን እንደሚያበስልና ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የቡድን ሥራ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ከሁሉም በላይ ውጤት ያየሁበት እሱ ነው።

አንድ ለአምስት የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ጎበዝ ይመራል፣ አራት ወይም አምስት ይሰማሉ። በተግባር ጎበዙ ይሠራል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ የተገለለችው ልጅ ስሟም ላይጻፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ ጥቁር፣ ነጭና የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ልጆች ገና አንድ ክፍል እንደገቡ ጠቡ በረታ። ኤሊየት አሮንሰን የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ተጠራና ክፍሎቹን ሲያይ ልጆቹ እጅ ለማውጣት ይሽቀዳደማሉ፣ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ደስ ይለዋል። እሱና ባልደረቦቹ ያደረጉት ቀላል ነው። ትምህርቱን ቆራረጡትና ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ብቻ ሰጡ። ያንን ቁራጭ ከዚያ ልጅ በስተቀር ሌላ ቦታ ማግኘት አይቻልም። ፈተናው ግን ስለ ሁሉም ቁራጭ ነው። ስለዚህ የናቁትን ልጅ ማዳመጥ ግድ ሆነ፤ በደንብ እንዲናገርም ማገዝ ግድ ሆነ። ከሳምንታት በኋላ ጥላቻው ቀነሰ፣ ትምህርት ቤት መምጣት ተወደደ፣ የተገለሉት ልጆች ውጤትም ተሻሻለ።

አንቺ ጋ እንዴት ይሆናል? ዓባይን ውሰጂ። አራት ወረቀት አዘጋጂ። አንዱ ስለ ሰከላና ግሽ ዓባይ፣ አንዱ ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ስለመግባቱ፣ አንዱ ከባሕር ዳር ወጥቶ ጢስ ዓባይ ላይ ስለመውደቁ፣ አንዱ ጉባ ላይ ስላለው ግድብ። አንድ ዓይነት ወረቀት የያዙ ልጆች መጀመሪያ አብረው ያጥኑ። ይህን ደረጃ አትዝለይው! ማንበብ የሚከብዳት ልጅ ወደ ቡድኗ ባዶ እጇን ከሄደች ይባስ ትዋረዳለች። ከዚያ ወደየቡድናቸው ተመልሰው ያስተምሩ፣ በመጨረሻ አጭር ፈተና ለብቻ ለብቻ። ክፍልሽ ውስጥ 70 ልጅ ካለ ጫጫታ ይሆናል፣ የመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ጭራሽ የማይሠራ ይመስልሻል። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ያዢለትና አትተዪው። ማባዣ ባይኖርም ወረቀቱን በእጅሽ ጽፈሽ ማባዛት ትችያለሽ።

እርማት ላይ ደግሞ ራስሽን ጠብቂ። እዚያው ሕንድ ውስጥ በተደረገ ሌላ ጥናት የልጆች የፈተና ወረቀት ላይ ጎሣው በዘፈቀደ ተቀያይሮ ተጽፎ ለመምህራን ተሰጠ። ያው መልስ ዝቅ የሚባል ጎሣ ሲጻፍበት ትንሽ ያነሰ ማርክ አገኘ። ልዩነቱ ጥቂት ነው፣ ግን ማለፊያው ላይ ለቆመ ልጅ ጥቂት ብዙ ነው። መምህራኑም ክፉዎች አልነበሩም። ከሌላው ሴክሽን መምህር ጋር ወረቀት ተለዋወጡ፤ ስም በሌለበት፣ በቁጥር ብቻ ይታረም። ተከታታይ ምዘና ላይ «ተሳትፎ» ብለን ከአየር የምንሰጣት ማርክ ደግሞ በጣም ታሰጋኛለች። የተገለለ ልጅ እጁን አያወጣም። እጁን ባለማውጣቱ ማርክ ስንቀንስበት የመገለሉን ዋጋ ሁለት ጊዜ እናስከፍለዋለን።

ስድብ ሲነሳ ምላሽሽ አጭርና ሁሌ አንድ ዓይነት ይሁን። ተሳዳቢውን ለብቻው አናግሪ፣ ወላጁን ጥሪ። ክፍል ፊት አቁመሽ «ይቅርታ ጠይቃት» አትበዪ፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን እሷ ላይ ይጥላል። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የሚወራው ቀልድም ይቁም። ልጆቹ የማይሰሙ ይመስለናል፣ ይሰማሉ።

ስለ መቅረታቸው፣ ነገሩ ሁሉ ንቀት ብቻ አይደለም። ድህነትም ነው። ልጁ ጠዋት ከአባቱ ጋር መረብ ሊያነሳ ይሄዳል፣ ልጅቷ እናቷ የሠራችውን ሰፌድ ገበያ ትሸጣለች። ፈረቃ ካላችሁ ቤተሰቡ የሚመቸውን ፈረቃ ይምረጥ። ዩኒፎርም የለህም፣ መዋጮ አልከፈልክም ተብሎ የሚመለስ ልጅ አይኑር። አንደኛ ደረጃ በነፃ ነው ተብሎ የለም እንዴ? ወላጅ መምህር ኅብረቱ (ወመህ) ይህን በቃለ ጉባኤ እንዲያጸድቀው ግፊ። ኮሚቴው ውስጥ አንድ የነገደ ወይጦ እናት ወይም አባት ከሌሉ ይግቡ። በጸጥታው ምክንያት ተዘግተው በቆዩ ትምህርት ቤቶች ደግሞ፣ ሲከፈት ማስታወቂያ መለጠፍ አይበቃም። የቆየውን ስም ዝርዝር ይዞ ቤት ለቤት የሚሄድ ሰው ይመደብ፤ በቋፍ ላይ የነበረ ልጅ በራሱ ጊዜ አይመለስም።

ከላይ ምን መደረግ ነበረበት ላልሽው፣ ሦስት ነገር በቶሎ ልበል። ክልሉ በሪፖርት ቅጹ ላይ በሥራና በዘር ሐረግ የተገለሉ ማኅበረሰቦችን ልጆች መቀጠልና ማቋረጥ በጥንቃቄ የሚያሳይ ረድፍ ይጨምር። የትምህርት ቤት ድጎማ በጀት በነፍስ ወከፍ ሲሰላ እንደነዚህ ያሉ ልጆች ላሉበት ትምህርት ቤት ከፍ ይበል። ሦስተኛው መምህር ነው። ባሕር ዳር የመምህራን ማሠልጠኛ ከተማ ከሆነች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ደብረ ማርቆስም እንጅባራም ኮሌጅ አለ። ከዚያው ከሐይቁ ዳር፣ ከግቢው አጥር ጥግ፣ ስንት ነገደ ወይጦ መምህር ወጣ? አሜሪካ ውስጥ በዝቅተኛ ክፍሎች አንድ እንኳ ጥቁር መምህር ያገኙ ጥቁር ልጆች ሁለተኛ ደረጃን የመጨረስ ዕድላቸው ከፍ እንዳለ ጥናት አሳይቷል። በጣም የሚያናድደው ግን እዚያው አገር ትምህርት ቤቶቹ ሲቀላቀሉ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ጥቁር መምህራንና ርዕሳነ መምህራን ከሥራ መባረራቸው ነው። ልጆቹን አስገብተው አዋቂዎቹን አስወጡ። እኛ ገና ማስገባቱ ላይ ነው ያለነው፤ ኮሌጆቹ ለጥቂት እጩዎች ቦታና የኪስ ገንዘብ ቢመድቡ በጀት አይናጋም።

የኅዳር 29ን አሳብሽን በተመለከተ፣ ልጅቷን አታቁሚያት። በቅንነት እንዳሰብሽው ይገባኛል፣ ግን ዓመቱን ሙሉ ልትረሳው የምትፈልገውን ነገር በሰልፍ ፊት እንድትናገር ማድረግ ነው። ታንኳው ትምህርት ውስጥ ይግባ። ደንገል ውስጡ አየር ስለያዘ ይንሳፈፋል፣ ውኃ እየጠጣ ሲሄድ ይከብዳል፣ ስለዚህ አውጥተው ያደርቁታል። ይህ ሳይንስ ነው። ስንት ነዶ ደንገል ስንት ሰው ይሸከማል ማለት ሒሳብ ነው። በተራ የትምህርት ቀን አንድ ታንኳ ሠሪ አባት ጋብዢ፣ ወንበር ስጪያቸው፣ «አባባ» ብለው ልጆቹ ይጠይቋቸው፣ ለዋሉበትም ይከፈላቸው። በሌላ ሳምንት ሸማኔ ይምጣ፣ በሌላው ሸክላ ሠሪ፣ በሌላው ገበሬ። ከዚያ በፊት ግን የልጆቹን ወላጆች ቤታቸው ሄደሽ ጠይቂ። ቡና ካቀረቡልሽ ጠጪ። «አይሆንም፣ ልጆቻችን ያፍራሉ» ካሉሽ ታንኳውን ተዪውና በመቀመጫው ዕጣ ጀምሪ።